ሦስቴ የምታንኳኳዋ ማንጠግቦሽ

የእትዬ ማንጠግቦሽን ሞት የሰማሁት በገዛ መርፌዋ ነው። ጠዋት ነበር፤ ገና ፊቴን አልታጠብኩም። የቆርቆሮ በሬ ሦስት ጊዜ፣ ረጋ ብሎ፣ በቀጭን የብረት ድምፅ ተመታ። ያንን ድምፅ የእኛ ሰፈር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ የጆንያ መስፊያ መርፌዋ ነው። «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» እያልኩ ከፈትኩ። በሩ ላይ የቆመችው ግን እሷ አልነበረችም። ጎረቤቷ ትርንጎ ነበረች፤ ልጇን አዝላ፣ መርፌውን በቀኝ እጇ ጨብጣ።

«ሙሌ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ አረፈች» አለችኝ።

እኔ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? የሸሚዜን እጅጌ ጠቀለልኩ። «ማነው ደም የሚፈልገው?» አልኳት። ትርንጎ አንገቷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሰው በሞት መርዶ ላይ እጅጌ ሲጠቀልል ላየ እብድ ነው የሚመስለው። እብድስ አይደለሁም። እትዬ ማንጠግቦሽ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሞት ዋሽታናለች፤ እንደገና የዋሸችን መስሎኝ ነው።

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወላጆቼ በዚያ በክፉ ዘመን ከአርማጭሆ ተሰደው መጥተው፣ እኔ እዚሁ ሱዳን መጠለያ ጣቢያ ተወለድኩ፤ ገዳሪፍ ላይ የሰው ራስ እየላጨሁ ጎለመስኩ። ስለ ራሴ ይህ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

የምንኖረው ዴም ኑር የሚባል የገዳሪፍ ሰፈር ነው። እዚያ ያለን ሀበሾች አንድ እድር አለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ። ድንኳኑ አንድ፣ ድስቱ ሁለት ነው። የምንቀብረው የራሳችንን ሰው ብቻ አይደለም። ለሰሊጥ አረም ከመተማ በኩል ተሻግሮ መጥቶ ባሱንዳ እርሻ ላይ እባብ የነደፈው፣ ወባ የጣለው፣ ዘመድ የሌለው ሁሉ የእኛ ነው። እናቱ ሀገር ቤት ሆና ሳትሰማ እኛ አልቅሰን እንሸኘዋለን። የእድሩ ዳኛ አያ ፈንታሁን ናቸው፤ ቀብር የምንወጣውም ከእሳቸው ግቢ ነው።

በፊት ጥሪ የሚያደርስ ወንድ ነበረን። ከበር በር እየዞረ ይጣራል፣ ሰው ይወጣል፣ አለቀ። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ግን ከሻ መጣብን። ከሻ ማለት አፈሳ ነው፤ አስከሪው፣ ወታደሩ ማለት ነው፣ መኪና ይዞ ይመጣና ኢቃማ የሌለውን ሀበሻ ይጭናል፣ አንዳንድ ቀን የመኖሪያ ወረቀቱን በእጁ የያዘውንም ይጭናል። «ሀበሾች ከወዲያኛው ወገን ተሰልፈው ይዋጋሉ» የሚል ወሬ ገበያ ገባ። ወሬውን ማን እንዳመጣው እግዜር ይወቀው፤ ዳፋው ግን ለእኛ ተረፈ። ከሀዋታ በኩል ሰው ልጁን ተሸክሞ በእግሩ እየሸሸ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ሰማዩ ላይ ድሮን ያጓራል፤ የያዝኩትን ምላጭ አስቀምጬ ደንበኛዬም እኔም ጣሪያ ጣሪያ እናያለን። ጥሪ አድራሻችንም ታፈሰና ሾዋክ ድረስ ተወሰደ። ከወር በኋላ ሲመለስ «ከእንግዲህ እናንተው ዙሩ» ብሎ ተቀመጠ።

እትዬ ማንጠግቦሽ እጇን ያወጣችው ያኔ ነው።

አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፀ ሰላላ ሴት ነበረች። እህል ገበያ ውስጥ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። መርፌዋ ከመሐል ጣት ትረዝማለች፤ ሥራ ስትፈታ ሻሿ ውስጥ ትሰካታለች። ሱዳኖቹ አንገቷ ላይ ማተብ እያዩም «ሐጃ» ነው የሚሏት። «ምን ላድርግ፣ ሳልሄድ ሐጅ አስደረጉኝ» ትልና ጎረቤቴን ሐጂ ኡስማንን ታስቃቸዋለች።

ደፋር እንዳትመስላችሁ! እኔ ፈሪ ነኝ አልኩ እንጂ እሷ ትብሳለች። ውሻ ትፈራለች። ዩኒፎርም ትፈራለች። ነጎድጓድ ሲመታ አልጋ ሥር ትገባለች። ስትፈራ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች፤ ጫፉ ያልተበላ ነጠላ አልነበራትም። ቀኑን ሙሉ ያንን የሚያህል መርፌ ይዛ ትውልና የሐኪም መርፌ ስታይ ግን ልቧ ይጠፋል። ስለዚህ እድሩ ስብሰባ ላይ «እኔ ላንኳኳ» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አንቺ?» አሏት አያ ፈንታሁን። «አንቺ እኮ ጥላሽን ትፈሪያለሽ።»

«እፈራለሁ» አለች። «ቁጭ ብዬም እፈራለሁ፣ ሄጄም እፈራለሁ። ከሆነ አይቀር እየሄድኩ ልፍራ።»

አሠራሩንም ያመጣችው እሷ ናት። አንድ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ከዞረ ይያዛል። ስለዚህ እሷ በየመንገዱ የመጀመሪያውን በር ብቻ ሦስት ጊዜ ትመታለች። ያ ቤት ወጥቶ የጎረቤቱን በር ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ያም የሚቀጥለውን። ማንም ከጎረቤቱ በር አያልፍም፤ ሰው ጎረቤቱን ጠራ ተብሎ ደግሞ አይታፈስም። ሦስት ምት ሞት ነው። ሰዉ እየተንጠባጠበ አያ ፈንታሁን ግቢ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነካን የለም። ሱዳን ቀብር ያከብራል፤ «ጀናዛ»፣ ሬሳ ነው፣ ካልከው ኬላ ላይ ያለው አስከሪም መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ያሳልፍሃል።

እና ልንገራችሁ፣ በሬ ሲመታ መጀመሪያ ቀልቤ ይገፈፋል። ከዚያ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ዝም ካለ እፎይ እላለሁ። የመጣው ሞት ብቻ ነዋ!

በእኛ መንገድ የመጀመሪያው በር የእኔ ነው፤ ቀጥሎ የሐጂ ኡስማን። ሐጂ ኡስማን ጫማ የሚሰፉ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው ወዲያ ዘጠኝ ቤት አለ። እኔ ካልመታሁ ዘጠኙም አይሰማም። አንድ ቀን ጠዋት የላጨሁት አስከሪ ከወንበሬ ሲነሳ «ዛሬ ከቤትህ አትውጣ» ብሎኝ ሄደ። ሱቄን ቆልፌ ቤቴ ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ በሬ ሦስት ጊዜ ተመታ። መቀርቀሪያው ላይ እጄን እንዳደረግሁ ከመንገዱ ጫፍ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። «አሁን እወጣለሁ፣ አሁን እወጣለሁ» ስል ረፈደ።

መኪናው የሽንኩርት ነጋዴ መኪና ነበር።

የዚያን ቀን የተቀበረው አንድ የአረም ሠራተኛ ነው። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ቃሬዛውን የሚሸከም ወንድ ጎደለ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ማንጠግቦሽ ሱቄ መጣችና ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ሙሌ፣ ፈርተህ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«እኔም» አለች። «መንገዱን ሙሉ ጉልበቴ ሲብረከረክ ነበር።» ቀጥላም «ሰውየው ከባድ ነበር» አለች።

መስታወቱ ውስጥ አየኋት። የቀሚሷ ትከሻ በአፈር ተበክሏል። የጎደለውን ወንድ የተካችው እሷ ናት። ተነሥታ ሄደች። ምነው ሰድባኝ በሆነ! ያን ቀን የላጨሁትን ሰው ሁሉ ቆረጥኩት።

ትርንጎ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የመተማ ልጅ ናት፤ ከባሏ ጋር ለአረም ነበር የተሻገረችው። ባሏ ሀዋታ በኩል እርሻ ላይ እንዳለ መንገዱ ተዘጋ፤ ይኑር ይሙት አይታወቅም። እሷ እትዬ ማንጠግቦሽ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ወለደች። ልጅቷ በደህና መጣች፤ የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ያዋለደቻት ሴትዮ እጇን እያየች «ይቺ ሙስተሽፋ ካልደረሰች ዛሬን አትውልም፤ ደም የሚሰጥም ሰው ካልተከተላት ብትደርስም ዋጋ የለው» አለች። ሙስተሽፋው፣ ማለትም ሆስፒታሉ፣ የታማሚ ወገን ደም ካላመጣ ደም አልነበረውማ።

እትዬ ማንጠግቦሽ መጀመሪያ እንደ ሰው ጠየቀች። ይህን አስምራችሁ ያዙልኝ። በየቤቱ ገብታ በአፏ ለመነች። አንዱ «ዛሬ ከሻ አለ፣ ነገ ይሁን» አላት። አንዱ «ደም መስጠት ዓይን ያጠፋል» አለ። እኔ ቤት መጣች። እኔ ደግሞ «እትዬ፣ ኢቃማዬ አልታደሰም፤ ኬላውን እንዴት ብዬ ልለፍ?» አልኳት። ነጠላዋን ነክሳ አየችኝና ወጣች። እውነቴን ነበር እኮ፤ አልታደሰም ነበር። ግን እውነት መናገሬ ምን በጀኝ?

ጥቂት ቆይቶ በሬ ሦስት ጊዜ ተመታ።

«ሞተች፤ እኔ ነኝ የገደልኳት» አልኩ፤ ሰው ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም። መኪና ይምጣ፣ ታንክ ይምጣ፣ ያን ሰዓት አላሰብኩትም። ወጥቼ የሐጂ ኡስማንን በር በድንጋይ ሦስት ጊዜ መታሁ። እንደዚያ ቀን ሰው ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እንቢ ያለው ሁሉ ወጣ። ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አያ ፈንታሁን ግቢ ከውጭ ከተመለሱት ከራሳቸው ጋር ስንገባ ቃሬዛው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ እትዬ ማንጠግቦሽና አዋላጇ ደግፈው ያመጧት ትርንጎ እላዩ ላይ ተኝታለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ዓይኗ ግን ክፍት ነበር። አየችን።

አንዲት ሴት ጮኸች። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁና የሰው እግር ረገጥኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከቃሬዛው ራስጌ ቆማ ነጠላዋን ትነክሳለች።

«አልሞተችም» አለች። «እኔ ነኝ የዋሸሁ።»

«አንቺ ሴትዮ!» አያ ፈንታሁን ከዘራቸውን አነሡ። «በቁም ሰው ላይ ሞት ትጠሪያለሽ? ሟርተኛ!»

«ነገ ቅጡኝ፣ ጌታዬ። ዛሬ ግን ለሬሳዋ ከወጣችሁ አይቀር ነፍሷ ሳትወጣ ተሸከሙልኝ።»

የሕፃኗ ልቅሶ ብቻ ከአንዲት ሴት ጀርባ ይሰማል። መጀመሪያ ያጎነበሱት ሐጂ ኡስማን ናቸው። እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ያዝኩ። አካፋና ዶማውን እዚያው መጣል ይገባን ነበር፤ ማን አስቦት! ይዘነው ወጣን።

አስፋልቱ አፍ ላይ ኬላ አለ። በርሜሎቹ መንገዱን ዘግተዋል። አስከሪው ቃሬዛውን ሲያይ መሣሪያውን ዝቅ አደረገና «ጀናዛ?» አለ። አዎ ብንለው እናልፋለን። ግን ትርንጎ ከተኛችበት ሆና እሱን ታየዋለች! ሁላችንም ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ዞርን። ነጠላዋን ከአፏ አወጣች።

«ሊሳ» አለችው። ገና ነው ማለቷ ነው። «ሊሳ ማ ማተት።» ገና አልሞተችም።

አስከሪው ትርንጎን አየ፤ አካፋችንን አየ። «ኢቃማ» የምትለዋን ቃል እየጠበቅሁ ነበር። እሱ ግን «ያ ሐጃ!» ብሎ ራሱን ያዘ፤ ከዚያ መሣሪያውን በትከሻው ወርውሮ በርሜሉን በገዛ እጁ ገለል አደረገልን። «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ» እያለ ከኋላችን ይጮህ ነበር።

ሙስተሽፋው ስንደርስ ደም የሚቀዳው ሰውዬ ዶማ የያዘ ሰልፍ ሲያይ ደነገጠ። «ልትቀብሩ ነው ወይስ ደም ልትሰጡ?» አለ። ሐጂ ኡስማን «እንደ ሁኔታው» አሉት። የእኔ ደም ገጠመ። እትዬ ማንጠግቦሽም «እኔም ልስጥ» ብላ ክንዷን ዘረጋች፤ የሐኪሙን መርፌ ስታይ ግን ዘፍ አለች። ያን ቀን ሁለት ሰው አስታመምን ማለት ነው። ትርንጎ ተረፈች።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበና እትዬ ማንጠግቦሽን ፍርድ አቆማት። ክሱ በሐሰት ሞት መጥራት ነው። እሷ ነጠላዋን እየነከሰች ተነሣች።

«በአፌ ለመንኳችሁ» አለች። «በእያንዳንድሽ፣ በእያንዳንድህ በር ቆሜ ለመንኩ። አልወጣችሁም። ሦስት ጊዜ ስመታ ወጣችሁ። እናንተ የምትሰሙት እሱን ብቻ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?»

ጫማዬን እያየሁ ነበር። ሌላውም ጫማውን እያየ ነበር መሰለኝ።

«ቅጣቱን እቀበላለሁ» አለች። «አንድ ነገር ግን ወስኑልኝ። ሦስት ምት ለሞተ ነው። ሁለት ምት ደግሞ ለታመመ ይሁን። ሁለት ሲመታ ለቀብር እንደምትወጡት ሁሉ ውጡ።»

ቅጣቷ የእድሩን ድንኳን ቀዳዳ በሙሉ እንድትደፍን ሆነ። ሁለተኛውን ግን «ይታይ» አልነው። ፈራናዋ። «ሰው የሚሞተው አንዴ ነው፤ የሚታመመው ግን በየቀኑ ነው። በየቀኑ ኬላ ልንሻገር ነው?» አለ አንዱ። እውነት ይመስል ነበር። እኔ በደሜ አንዲት ነፍስ ተርፋ ያየሁት ሰውዬ እንኳ እጄን አላወጣሁም። ድንኳኑን በጆንያ ክር፣ በዚያ ትልልቅ ስፌቷ ደፈነችው። ከዚያም በየስብሰባው መጨረሻ ላይ ትነሣና «ሁለቱ ምትስ?» ትላለች። አያ ፈንታሁንም «ይታያል፣ ይታያል» ይላሉ። እየቆየ መሳቂያ አደረግነው። እሷም አብራን ትስቅ ነበር።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልመልሳችሁ። እጅጌዬን ጠቅልዬ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነው።

«እውነት ነው ሙሌ» አለችኝ ትርንጎ። ወባ ነው የጣላት። ትርንጎ ለሥራ ባሱንዳ ሄዳ ነበር፤ ትናንት ማታ ስትመለስ እትዬ ማንጠግቦሽን ለሦስተኛ ቀን አልጋ ላይ አገኘቻት። ውኃ እንኳ የሚያቀብላት አልነበረም። የሰዓት እላፊው ገብቶ ስለነበር እስኪነጋ ጠበቀች፤ ሳይነጋ እትዬ ማንጠግቦሽ አረፈች።

«ለምን ሰው አልጠራሽም አልኳት» አለች ትርንጎ። «ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹በምን ልጥራ? ለታመመ ምት አልተወሰነም። ሦስት ብመታ ደግሞ ውሸታም ይሉኛል› አለችኝ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ቤቷ ከእኔ ቤት ስድስት በር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ስድስት በር ማዶ የሰው ፂም እላጭ ነበር።

የሐጂ ኡስማንን በር መታሁ። ሐጂም ሲከፍቱ መጀመሪያ ያሉት «ማነው የታመመው?» ነው። አያ ፈንታሁን ግቢ ስንሰበሰብ እጅጌውን የጠቀለለው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አየሁ። አያ ፈንታሁን እራሳቸው ቃሬዛው ላይ ጎንበስ ብለው «አንቺ ማንጠግቦሽ፣ ዋሽተሽን ነው አይደል?» አሏት። እኔ ዓይኗን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ጫፉ የተበላ ነጠላዋን አልብሰዋታል። ዓይኗ አልተከፈተም።

ኬላው ላይ ሌላ አስከሪ ነበር። «ጀናዛ?» አለ። ሁላችንም ቆምን። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ሰው «ሊሳ» እንዲል እየጠበቅሁ ነበር። ደግሞ ጠየቀን። ሐጂ ኡስማን «ጀናዛ» አሉት፤ አሳለፈን።

ከቀብር መልስ እሷ በሰፋችው ድንኳን ሥር ተቀመጥን። ቀና ባልኩ ቁጥር ስፌቷን አያለሁ። አያ ፈንታሁን ተነሡና «ሁለት ምት ለታመመ» አሉ። ይታይ ያለ ሰው አልነበረም። መርፌዋ ትርንጎ ጋ ቀረች።

ከሻው አልቆመም፤ ድሮኑም ይመጣል። ኢቃማዬም እስካሁን አልታደሰም። የዱሮው ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ አሁን ሌላ ተጨመረብኝ። ሦስት ሲመታ የሚጠብቀኝ መቅበር ብቻ ነው፤ ብዘገይም ሟቹ አይከፋበትም። ሁለት ሲመታ ግን እኔን የሚጠብቅ ትንፋሽ አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን ፍርሃት ብቻዋን ተሸክማው ነበር የኖረችው።

ትናንት ረፋዱ ላይ በሬ በዚያች መርፌ ሁለት ጊዜ ተመታ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ከመንገዱ ጫፍ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ጉልበቴ ተብረከረከ። እየተብረከረክሁ ወጣሁና የሐጂ ኡስማንን በር ሁለት ጊዜ መታሁ።